ተርቦቹን ሲጠብቁ የነበሩት ዶክተር ጥሩወርቅ

ባለፈው ረቡዕ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዶክተር ጥሩወርቅ ጎፋ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። የሳንባ ሕመም ነበረባቸው። ቀብራቸው በማግስቱ ተፈጽሟል።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የተባይ ተመራማሪ ነበሩ። ስለ እርሻ መዘገብ ስጀምር የማላውቀውን የምጠይቀው እሳቸውን ነበር። ስሕተት ካገኙብኝ ጋዜጣው በወጣበት ጠዋት ይደውላሉ። «ተርብ ሁሉ ሰው አይነድፍም፤ አስተካክል» ብለው ይዘጋሉ።

ሲያጠኑት የኖሩት ነገር ይህ ነው። ትል ሲበላው የጎመን ሽታ ይለወጣል። ያንን ሽታ ተከትላ ከጉንዳን የምታንስ ተርብ ትመጣለች፤ እንቁላሏን ትሉ ውስጥ ትጥላለች፤ የተፈለፈለው እጭ ከውስጥ ይበላውና ትሉ ይሞታል። አንድ ቀን የተበላ ቅጠል ብርጭቆ ውስጥ ከድነው አቆዩና አስሸተቱኝ። ከጎመን በቀር ምንም አልሸተተኝም።

«ላንተ አይደለማ የተላከው» አሉ።

ሀና ማርያም ውስጥ ኦቦ ቶላ የሚባሉ ገበሬ ከማሳቸው ጥግ ቁራሽ መሬት ሰጥተዋቸው ነበር። የጀሞ ነጋዴዎች ቀዳዳ ያለበት ጎመን ስለማይገዙ በዚያ አካባቢ የተባይ መድኃኒት የማይረጭ ገበሬ የለም። ዶክተር ግን አልረጩም፤ መድኃኒቱ ተርቦቹንም ይገድላል። ኦቦ ቶላ ይተርቧቸው ነበር።

«አዴ፣ ይኼን የበላው ትል ነው ወይስ ፍየል?»

«ፍየል ቢሆን የእርስዎንም አይምርም ነበር።»

ኦቦ ቶላ ፊታቸውን በፎጣ ሸፍነው ሲረጩ ስላዩ፣ ዶክተር ደህና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ገዝተው ራሳቸው አሰሩላቸው። መርጨቱን እየተቃወሙ ነው ይህን ያደረጉት። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ተርቦቹ መምጣት ጀመሩ። ዶክተር ቅጠል ገልብጠው ከሞተ ትል አጠገብ የተጣበቀውን፣ እጩ የሠራውን ትንሽ የተርብ ጎጆ አሳዩዋቸው። ኦቦ ቶላ ጎንበስ ብለው ብዙ ካዩ በኋላ «የእርስዎ ጎመን ሳይረጭ ለገበያ ከደረሰ እኔም እተዋለሁ» አሉ። ዶክተር ከዚያ ወዲያ የሚያወሩት ስለዚህ ቃል ብቻ ነበር።

ጎመኑ መጠቅለል ሲጀምር ሕመሙ ጠናባቸውና ሆስፒታል ገቡ። በሰፈሩ ገበሬ አልጋ ሲይዝ ማሳው አይተውም። ጎረቤቶች በደቦ ወጡ፤ አረሙ፤ ኮተኮቱ፤ ጎመኑንም ረጩ።

ከሆስፒታል እንደወጡ በመኪናዬ ወደ ማሳቸው ወሰድኳቸው። ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ደርቋል። ዶክተር አንድ ቅጠል ገለበጡ፤ ሌላም ገለበጡ። ኦቦ ቶላ እየሳቁ መጡ። «ትል የሚባል የለም፤ እኛ እያለን!»

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ደክማችኋል» አሉ ዶክተር።

ስንመለስ እንደገና መጀመር ይቻል እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ጎመኑማ ነገም ይጣራል። የሚሰማው ነው የጠፋው። እስኪመጣ ድረስ ደግሞ እኔ አልኖርም» አሉኝ።

ይህን ለኦቦ ቶላ አልነገሯቸውም። ከቀብር በኋላ ለቅሶ ቤት ኦቦ ቶላ ራሳቸው «ያን ቀን ፊታቸው ለምን ጠቆረ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «ምነው ቢቆጡን» አሉ። ይህን እንድጽፍም ፈቅደውልኛል።

ዶክተር፣ ያላጣራሁትን እንዳልጽፍ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ የማጽናኛ ቃል አልጨምርም። ደህና ይሁኑ። ቅዳሜ ጠዋት ከኦቦ ቶላ ጋር ማሳዎ ሄደን ነበር። ትሉ ተመልሷል። ከዳር እስከ ዳር ቅጠል እየገለበጥን ፈለግን፤ ተርብም ጎጆም አላገኘንም። ትሉ ወደ ኦቦ ቶላ ጎመን ተሻግሯል። ከሰዓት በኋላ መርጫቸውን አዝለው ሁለቱንም ማሳ ረጩ።