በዋሻው አፍ የቆመው ድብ

ባህሩዲን ግራ እግሩን የሰበረው እየነዳ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የቡሌን ዳገት በጭቃ፣ የወናጎን መንገድ በጉም ሲመላለስበት ምንም ያልነካው ሰው፣ ኮንጋ በምትባል መንደር በቆመው አይሱዙ መኪናው ጭነት ላይ ወጥቶ ሸራ ሲያስር ተንሸራተተ። ሰው ከሚፈራው እየተጠነቀቀ ከማይፈራው ይወድቃል። ወጌሻው አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ሐኪሙ እስከ ጭኑ ጄሶ አለበሰው። ከዚያ ወዲህ ዲላ ከተማ፣ ከሱቃቸው ጀርባ ባለችው ክፍል ፍራሽ ላይ ተዘርግቶ ቀረ።

ከተኛበት ሆኖ በመጋረጃው ክፍተት የባንኮኒው ጀርባ ይታየዋል። ሚስቱ ጀሚሊያ የምትቀመጥባት በርጩማም ትታየዋለች። ታላቅ ወንድሙ ዘከርያ ለባህሩዲን ያሰባት በርጩማ ነች። መኪናው የሁለቱ ወንድማማቾች ስለሆነ ዘከርያ፣ «ይሸጥና አንተ ሱቁን ያዝ፤ መንገድ ይብቃህ» ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። አሁን እግሩም ተሰበረ፣ ገዢም ተገኘ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሚውለው አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ ቤተሰቡ ተቀምጦ ሊወስን ተቀጣጠረ።

ጊዜ ማሳለፊያ ብሎ ስልኩ ላይ ጌም የጫነለት ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየው ቶሌራ ነው፤ ከወለጋ መጥቶ ዩኒቨርሲቲው የሚማር ተጫዋች ልጅ።

«ጋሼ ባህሩ፣ ጠያቂ ሲሄድ ምን ታያለህ? ጣራ?» አለው። «ጌሙ ውስጥ ያለው ይሄ ሰውዬ መልክ ቀያሪ ነው። ሲፈልግ ድብ ይሆናል፣ ሲፈልግ ዓሣ። ሃያኛ ሌቭል ሲገባ መለከት ይነፋና ንስር ይሆናል። ንስር ከሆነ በኋላ ማፑ በሙሉ ያንተ ነው።»

«ንስሩ ስንት ኩንታል ይጭናል?»

«ኧረ ምንም አይጭንም!»

«ታዲያ ምን ሊያደርግ ይሄዳል?»

ቶሌራ ሳቀ።

ባህሩዲን ግን ጌሙን ያዘው። ጠያቂ ሲመጣ ስልኩን ከብርድ ልብሱ ሥር ሰዶ ፊቱን የታማሚ ያደርጋል፤ ጠያቂ ሲወጣ ዓሣ ሆኖ ሐይቅ ይሻገራል፣ ድብ ሆኖ ተራራ ይወጣል፣ መልሶ ወንዝ ይገባል። መንገድ ሲያይ አያስችለውም። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሲዞር ከዘጠነኛ ሌቭል ፈቀቅ አላለም።

«ጋሼ፣ ፋስት እንዳታድግ ያደረገህ ይሄው መቀያየርህ ነው» አለው ቶሌራ ስልኩን ተቀብሎ። «ቆዳህን በቀየርክ ቁጥር ያጠራቀምከው ዜሮ ይገባል። ድብ ሁንና እዚህ ዋሻ አፍ ላይ ቁም። አትነቃነቅ። አውሬዎቹ ራሳቸው ይመጡልሃል። መምታቱን ድቡ ያውቅበታል፤ ያንተ ሥራ ሲቆስል መድኃኒት መስጠት ብቻ ነው።»

«መልክ ቀያሪ ነው አላልከኝም?»

«ነዋ።»

«እና የሚያድገው መልኩን ሳይቀይር ነው?»

«ምን ላድርግህ፣ ሁሉም የሚወጣው እንደዚህ ነው።»

ባህሩዲን ድቡን ዋሻው አፍ ላይ አቆመው። አንድ አውሬ ይመጣል፣ ይመታል፣ ይወድቃል፤ ሌላ ይመጣል። ቀና ሲል በመጋረጃው ክፍተት ጀሚሊያን ያያል፤ አንዱ ይመጣል፣ ጆግ ይገዛል፣ ይሄዳል፤ ሌላው ይመጣል፣ ብርድ ልብስ ያስወርዳል፣ ሳይገዛ ይሄዳል። ዓይኑን መልሶ ስልኩ ላይ ይጥላል። ለመብረር ሲባል የሚቆምበት ዋሻ አፍ የሌለው ሰው የለም፤ ክፋቱ፣ ዋሻው የቆመበትን ሰው እየለመደው መሄዱ ነው።

«ያ ጅብህ ዛሬም በላ?» ትለዋለች ጀሚሊያ ሾርባ ስታስገባለት።

«ድብ ነው።»

«ድብ የት ታውቅና!»

ለማንም ያልነገራት ስለት የመሰለች ነገር በልቡ ነበረች። ታላቅ ወንድሙን አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብሎት አያውቅም። ንስሩ ከአርብ በፊት ከተከፈተለት ግን «አልሸጥም» የሚልበት አፍ እንደሚያገኝ ለራሱ ተናግሯል።

አርብ ሲደርስ ድቡ አሥራ ዘጠነኛ ላይ ነበር፤ ለሃያኛው የቀረው ጥቂት ነው። ዘከርያ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ገብቶ ተቀመጠ። ጀሚሊያ መጋረጃውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ባህሩዲን ስልኩን መዝጋት አልቻለም፤ ድቡ እየተዋጋ ሳለ ከዘጋው ለሃያኛው ያጠራቀመው ሁሉ ዜሮ ይገባል። ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በአንድ ዓይኑ ያየው ጀመር።

ስለ እግሩ ተወራ፣ ስለ ገዢው ተወራ። በመጨረሻ ዘከርያ፣ «ባህሩ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አለ።

በእነሱ ቤት ወግ አለ። የተጠየቀ ሰው መጀመሪያ «እናንተ እንዳላችሁ» ይላል፤ አክብሮት ነው። «የለም፣ ልብህን ተናገር» ተብሎ ዳግም ሲጠየቅ ነው ልቡን የሚያወጣው። ዘከርያ ራሱ ሲዳር እንኳ ሦስት ጊዜ ተጠይቋል።

በዚያች ቅጽበት ድቡ ክፉኛ ቆሰለ። ባህሩዲን ጎንበስ ብሎ መድኃኒቱን እየነካ፣ «እናንተ እንዳላችሁ» አለ።

ከዚያ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀ። «አልሸጥም» ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች።

ዘከርያ ወንድሙን አየው፣ ስልኩን አየው፣ ሽማግሌዎቹን አየ። «አልሐምዱሊላህ። እሱም ካለ፣ ፋቲሓ እናድርግበት» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ሁሉም እጃቸውን ዘረጉ። ባህሩዲን ስልኩን ጄሶው ላይ አስቀምጦ እሱም ዘረጋ። በፋቲሓ የተዘጋ ነገር በዚያ ቤት ተከፍቶ አያውቅም። ወደ «አሚኑ» ሲቃረቡ ከጄሶው ላይ መለከት ተነፋ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ዘከርያ።

«ምንም» አለ ባህሩዲን።

እንግዶቹ ሲወጡ ጀሚሊያ ከበሩ አልተነቃነቀችም። «አልሸጥም ትላለህ ብዬ እኮ ነው የቆምኩት» አለችው። «አንዴ ብትላት ከጎንህ ልሆን ነበር።»

ምን ብሎ ይመልስላት? ድቡ ቆስሎብኝ ነበር ይበላት?

ዘከርያ ዳግም ያልጠየቀው ቸኩሎ ይሁን አውቆ፣ ባህሩዲን እስከ ዛሬ አልለየውም። ቢለየውስ?

ጄሶው ወልቆ፣ ምርኩዙም ተጥሎ፣ አሁን በርጩማዋ ላይ እሱ ነው የሚቀመጠው። ቶሌራ ከትምህርት ሲመለስ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ «ጋሼ፣ ንስሩስ?» ይለዋል።

«አለ።»

«ትበርበታለህ?»

«አንድ ቀን በረርኩ። ተራራውን አለፍኩ፣ ባሕሩን አለፍኩ። ከዚያ አየሩ ራሱ ግድግዳ ሆነና መለሰኝ።»

«የማፑ መጨረሻ ነው እኮ!»

«ገብቶኛል። ድቡ ይሻለኛል።»

ይህን ሲባባሉ ደጁን አንድ የተጫነ አይሱዙ አለፈ። ባህሩዲን አንገቱን አላዞረም፤ የእሱ የነበረው መሆኑን በድምፁ ለይቶታል። አዲሱ ሾፌር ዳገቱን ሲጀምር ማርሽ ሳይቀይር ዘገየ፤ ሞተሩ አቃሰተ።

ከባንኮኒው ሥር፣ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው ፍሪሲዮን በሌለበት፣ የዳነው ግራ እግሩ ወለሉን ጭምቅ አድርጎ ረገጠ። መኪናው ድምፁ እስኪጠፋ ድረስም አላነሳውም።