ተበላሽቷል የተባለው መለኪያ

አባቴ የጫት ነጋዴ ነበር፤ እኔን ግን ጫት አያስቀምሰኝም። ከሂርና ገዝቶ ያመጣል፣ ጭሮ ላይ አሳስሮ በመኪና ይልካል። ቤታችን የቆመው፣ እኔም የተማርኩት በዚያው ቅጠል ነው። ታዲያ ከእስሩ የወደቀች አንዲት ቅጠል ባነሳ እጄን በጥፊ ይለኝ ነበር። “አንተ ተማር፤ መቃሙን ለእኔ ተወው” ይላል። ይህ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ለጋ ለጋውን እየመረጠ በገዛ እጁ አጎረሰኝ።

የብሔራዊ ውትድርና ዕጣ ወጥቶብኝ ነበር። ስሜ ቀበሌ ከተጠራ ጀምሮ እናቴ የረባ እህል አልቀመሰችም። ከእኔ በፊት ከሄዱት የሰፈራችን ልጆች የአንዳንዶቹ መርዶ መጥቷል፤ የአንዳንዶቹ ደግሞ መርዶውም አልመጣም። ስለዚህ ጎረቤት ሁሉ መላ ያዋጣልን ጀመር። ከተዋጣው መላ ሁሉ የጸደቀው ደም ግፊት ነው። ግፊት ያለበትን ሐኪሞቹ ይመልሱታል ተባለ፤ ግፊት ደግሞ ጫት ሲቃም ከፍ ይላል። ከቦኬ የመጣች አክስቴ “ጨው ካከላችሁበት ያለ ጥርጥር ነው” ብላ ነገሩን ዘጋችው።

እናቴ ሆጃ አፈላች። ሆጃ በቡና ገለባና በወተት የሚፈላ የእኛ አገር መጠጥ ነው፤ ትንሽ ጨው ይገባበታል። የዚያን ዕለቱ ግን ጨው ሆኖ ትንሽ ሆጃ የገባበት ነበር። አንድ ኩባያ ጠጥቼ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ጫት ደግሞ ለብቻ አይቃምም። አባቴ ከፊቴ ተቀምጦ ቅጠል በቅጠል አብሮኝ ቃመ፤ ሆጃውንም ኩባያ በኩባያ አብሮኝ ጠጣ። እናቴ “አንተን ማን ጠራህ?” አለችው።

“ልጄ ብቻውን እንደ ፍየል ያላምጥ?” አላት።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ግቢው ጥርሳቸው አረንጓዴ በሆነ ጎረምሶች ተሞልቷል። እናቶች አጥሩ ላይ ተደግፈው ዱዓ ያደርጋሉ፤ የልጃቸው በሽታ እንዲገኝላቸው የሚለምኑ እናቶች ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የሚለካው የጤና ረዳት ፂሙን ያልተላጨ፣ የደከመው ሰው ነበር። እኛን አየት አደረገና “ዛሬ ጭሮ ውስጥ ጫት የተረፈ አይመስለኝም” አለ። ሁላችንንም ጥላ ሥር አስቀምጦ፣ ውሃ እያጠጣ፣ የጫቱ ኃይል እስኪበርድ ብሎ ፀሐይ አናት እስክትደርስ አቆየን።

ተራዬ ሲደርስ መለኪያውን ክንዴ ላይ አሰረ፤ ነፋ፤ አዳመጠ፤ ፈታ።

“ደህና ነህ” አለኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ መርዶ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ኖሮ ሰው ገፍቶ ገባ።

“እንዴት ደህና ይሆናል? መሣሪያህ ተበላሽቷል።”

“አባቴ፣ መሣሪያው ደህና ነው።”

“ተበላሽቷል እልሃለሁ። ጤነኛ ሰው ላይ ሞክረውና እይ” ብሎ እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱን ዘረጋለት።

የጤና ረዳቱ ክርክሩን ለመገላገል ብሎ አሰረለት። የመለኪያው ሜርኩሪ ሽቅብ ወጥቶ አልወርድ አለ። አባቴ ፊቱ በራ። “ይኸው” አለኝ ወደ እኔ ዞሮ፤ “አላልኩህም? እኔ ምንም አላመመኝም፤ ይኼ ግን ሰማይ ሊነካ ነው።”

የጤና ረዳቱ አልሳቀም። ሌላኛውን ክንዱን ለካ። አስተኝቶም ለካ። “ራስዎን ያምዎታል?” ብሎ ጠየቀው።

“እኔን የምታመኝ አንተ ነህ” አለው አባቴ።

“ጫቱ ከፍ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ነገ ሳይቅሙ ይምጡ።”

በማግስቱ አባቴ የሄደው መሣሪያው መበላሸቱን ለማስመስከር ነበር። አልቃመም፣ ሆጃም አልጠጣም። ሜርኩሪው ግን ትንሽ ዝቅ ከማለት በቀር እዚያው ነበር። የጤና ረዳቱ ወንበር ስቦ ከፊቱ ተቀመጠና ረጋ ብሎ አስረዳን። ድሮ ዕድሜ ሲገፋ ግፊትም መውጣቱ ያለ ነው ይባል ነበር አለ፤ አሁን ግን ተጠንቶ ሲታይ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በሽታው ሳያምም ውስጥ ውስጡን ልብና ኩላሊት ይጎዳል፤ አንድ ቀንም ሰውን ድንገት ይጥላል ወይም ግማሽ ጎኑን ያሳጣዋል። በመድኃኒት ዝቅ ያደረጉት ግን ይተርፋሉ። መድኃኒቱም ተሻለኝ ተብሎ የሚተው አይደለም።

“ያላመመኝን በሽታ እስክሞት ልታከም?” አለ አባቴ።

“እንዳይሞቱ ነው፣ አባቴ።”

ኪኒኑን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው፤ አልዋጠውም።

እኛን የሚወስደው መኪና በዚያው ሳምንት መጣ። እናቴ እየጮኸች ታለቅሳለች፤ አባቴ እጄን ይዟል። እኔ ለጦርነት እየሄድኩ፣ ሐሳቤ እሱ ኪስ ውስጥ ያለው ኪኒን ላይ ነበር።

“አባ፣ አንተ ኪኒንህን ዋጥ፤ እኔ እመለሳለሁ” አልኩት።

የመመለሱ ነገር በእኔ እጅ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አባቴ ግን እጁን ኪሱ ከቶ አንዷን አወጣ፤ ዓይን ዓይኔን እያየ ያለ ውሃ ዋጣት። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ሁለት ዓመት የተባለው አገልግሎት ረዘመ። ስላየሁት ጦርነት እዚህ አላወራም፤ ጥይት ሲጮህ አባቴን እረሳው ነበር፤ ጋብ ሲል ግን ሐሳቤ ሮጦ እሱ ጋ ይሄዳል። ጥይትስ ቢያንስ ድምፅ አለው። የእሱ በሽታ ድምፅ የለውም። ሰውየውን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ እልኸኛ ነው፤ ከመኪናው አቧራ ጋር ኪኒኑንም ረስቶታል እል ነበር። ከቤት ወሬ መስማት ካቆምኩ በኋላ ሞቷል ብዬ ያመንኩባቸው ቀኖች ነበሩ።

መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በጭነት መኪና እያልኩ ሚኤሶ ደረስኩ፤ ከሚኤሶ ጭሮ አንድ የጨው መኪና አሳፈረኝ። ቤት ስገባ እናቴ “ኢልማ ኮ፣ ልጄ” ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አልቅሳ እስክትጨርስ መታገሥ አልቻልኩም።

“አባ የት ነው?”

“ጤና ጣቢያ ነው።”

ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

“ምን ያስቀምጥሃል? አልታመመም አቦ፤ ሊለካ ሄዶ ነው። ኪኒኑን እንደ ሶላቱ ነው የያዘው። ሬዲዮው ስለ ጦርነት ባወራ ቁጥርም ክንዱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሮጣል፤ ቃል አለብኝ ይላል። ጨው የሌለው ወጥ ስሠራለት ስንት ዓመቴ፤ እንግዳ እንኳ ቤቴን ሸሸ።”

ሮጥኩ። ጤና ጣቢያው ያው ነው፣ በሩም ያው ነው፣ የጤና ረዳቱም ፂሙ ሸብቶ ያው ነው። አባቴ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ፣ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ከስቷል። ግን ሙሉ ሰው ነው፤ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፣ ያ እልኸኛ አገጭ። እንባዬ ወረደ። አየኝ። አልተነሳም፤ ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳይነቅል እዚያው ቀረ።

የጤና ረዳቱ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ለማረጋገጥ ሁለተኛ ይለካ ነበር። ግንባሩን ቋጠረ።

“አባቴ፣ ምን ሆኑ? ቅድም እኮ ደህና ነበሩ። ይኼ መሣሪያ ምን ነካው?”

“መሣሪያው ደህና ነው” አለው አባቴ። “ልጄ መጥቶ ነው።”