አንገቷ ላይ የቀረው ቁልፍ

ጡረታ በወጣች ማግስት፣ በጠዋት፣ ስልኳ ጮኸ። ልጇ ነበረች።

"እማዬ፣ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው እንዴ?"

እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። የማሽኑ ቁልፍ በቀይ ክሩ እንደተንጠለጠለ አድሯል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ያልተሳሳተች ሴት፣ በመጨረሻዋ ቀን ማሽኗን ጠርጋ፣ ጓደኞቿን አቅፋ፣ እያለቀሰች ስትወጣ ቁልፉን መመለስ ረሳች።

በክር ፋብሪካው "ባለቁልፏ" ነው የሚሏት። በሠራተኛ ማኅበራቸው ደንብ፣ ማሽን የሚያጸዳ ሰው መጀመሪያ ያጠፋዋል፣ ከዚያ ቁልፉን ነቅሎ አንገቱ ላይ ያጠልቃል። ቁልፉ ካልተመለሰ ያጠለቀው ሰው በእግሩ ቆሞ በዓይን እስኪታይ ድረስ ማሽኑ አይነሳም። በአለቃው መሳቢያ ውስጥ ትርፍ ቁልፍ አለ፤ ደፍሮ የሚነካው ግን የለም። ሰው ውስጡ ቢሆንስ? ደንቡ ከጸና ወዲህ በዚያ አዳራሽ ጣት እንኳ የተቆረጠበት የለም። ማኅበሩ ኋላ የሕፃናት ማቆያና ክሊኒክ አስከፍቷል፤ ክሊኒኩ የፋብሪካውን ደጅ ረግጦ ለማያውቅ የሰፈር ሰውም ይደርሳል።

ልጇ ያደገችው በዚያ ማቆያ ነው። ልጇ እንበላት እንጂ የታናሽ እህቷ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ገና ዳዴ ትል ነበር። አፏን የፈታችው "እማዬ" ብላ እሷን ጠርታ ነው፤ እውነቱን ካወቀች በኋላም በሌላ ስም ጠርታት አታውቅም። አሳዳጊዋ ይህን ስም ላለማጣት ስትል አንድ ነገር ደብቃ ኖራለች። ነገሩን የሚያውቁት አንድ በአንድ ጡረታ ወጥተው አልቀዋል።

ሻሿን ሸብ አድርጋ እየሮጠች ደረሰች። ጥጡን የሚያበጥረው የእሷ ማሽን ካልተነሳ ሌሎቹ የሚፈትሉት የላቸውምና አዳራሹ በሙሉ ቆሟል። አለቃው በሩ ላይ ነበር።

"ሰው ጡረታ ሲወጣ ሰዓት ይሸለማል። አንቺ ማሽኑን ይዘሽብን ሄድሽ?"

ሴቶቹ ሳቁ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ሳይል ንግግር የማይጀምረው የማኅበሩ ሊቀመንበር መቼም አጋጣሚ አያልፈውም፤ ዛሬም ብሎ ብሎ ሲያበቃ ወደ እሷ ዞረ። "ፊርማ ለቅማ ይህን ማኅበር ያቆመችልን እሷ ናት" አለ። ተጨበጨበ። ልጇም ዛሬ የተረከበችው ማሽን አጠገብ ቆማ አጨበጨበች፤ በኩራት ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ያ እንባ አንጀቷን በላው። ከዛሬ ወዲያ እዚህ አትመጣም፤ ዛሬ ካልተናገረች መቼም አትናገርም። ቀርባ ክንዷን ያዘቻት።

"ልጄ፣ ፊርማ የለቀምኩት እናትሽ ከሞተች በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የኔ ነገር።"

"አውቃለሁ እኮ እማዬ። ሐዘኗ አስነስቶሽ ነው።"

"አታውቂም። መጀመሪያ የለቀመችው እሷ ናት። ማሽን ሲጸዳ ይቁምልን የሚል ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። 'ታላቄ ነሽ፣ ያንቺን ስም ካዩ ሌሎቹም አይፈሩም' አለችኝ። እኔ እንዳልባረር ፈራሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ መለስኳት። እኔን አይተው ሌሎቹም እምቢ አሉ፤ ወረቀቱ ቀረ። በወሩ፣ ያልቆመ ማሽን ጥረጊ ተባለች። ሻሿን ያዘባት።"

ልጅቷ ማሽኑን አየችው።

"ብትፈርሚ ኖሮ ይቆም ነበር?"

"ከፈረምኩ በሦስት ሳምንቱ ቆሟል።"

ይህን ከመናገር ሞት ይሻላት ነበር፤ ግን ተናገረችው። ልጅቷ እጇን ዘረጋች። እሷም ቀዩን ክር ከአንገቷ አውልቃ መዳፏ ላይ አኖረችላት።

"በቃ፣ ቤት ሂጂ፣ አክስቴ" አለች ልጅቷ።

ዞር ብላ ቁልፉን ከተተችና ማሽኑን አስነሳች። ሌሎቹም ተከታትለው ተነሱ።

"እሺ ልጄ" አለች አክስቷ፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ግን የራሷን ድምፅ እንኳ አልሰማችውም።