ጋሼ ኳስ የተነጠቁበት እሑድ

ይህን የምጽፈው በአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ በምንኖር ኢትዮጵያውያን የእሑድ ኳስ ተጫዋቾች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ ወሬ ስላለ ነው። አብረውን ይጫወቱ ከነበሩት ብራዚላዊ ሰውዬ እግር ላይ ኳስ የነጠቀ የለም ይባላል። ወሬው በፍቅር የሚነገር ነው፤ እውነት ግን አይደለም። እውነቱ ደግሞ ለሰውየው የበለጠ ክብር ይሰጣቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ጋሼ እንላቸው ነበር። አርባ አራት ዓመታቸው ነበር፤ ጫማቸውን ከሰቀሉ በኋላ ከወንዙ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ቤት እየቀቡ ይኖሩ ነበር፤ እሑድ እሑድም ነጭ ቀለም ያልለቀቀውን ቅንድባቸውን ይዘው ወደ እኛ ሜዳ ይመጣሉ። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ከሳኦ ፓውሎ የአንድ ሌሊት የአውቶቡስ መንገድ በሚርቅ የክፍለ ሀገር ክለብ በአማካይነት ጀመሩ። ከዚያ ፖርቱጋል፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን፤ ከዚያ አሜሪካ። ሊጫወቱበት የመጡት ሊግ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። በታላቁ የብራዚል ስታዲየም በማራካና ላይ የተጫወቱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ተቀይረው ገብተው። ስለዚያ ቀን ስንጠይቃቸው ስለ ሕዝቡ ጩኸት አያወሩም። «ሣሩ እርጥብ ነበር፤ ኳሱ ከምታስበው በላይ ይሮጣል» ይላሉ። ቀጥለውም ያን ዕለት ለአጥቂያቸው ያቀበሉትን አንድ ኳስ በጫማቸው ጫፍ ጭቃው ላይ ይሥሉልናል። አጥቂው ወደ ሰማይ ሰቅሎት ነበር፤ ጋሼ ያን ሲያወሩ አሁንም ይናደዳሉ።

አብዛኞቻችን በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበርን፤ ታክሲ የሚነዳ አለ፣ ኮሌጅ የሚማር አለ። ሜዳ ውስጥ እርስ በርስ እንሰዳደባለን፤ ለጋሼ ግን «ያቀብሉኝ» ነበር። ኳስ ሲይዙም ማንም ጠንክሮ አይገባባቸውም። ተማክረንበት አልነበረም። አባት የሚሆንን ሰው፣ ያውም ማራካናን የረገጠን፣ ጠልፎ መጣል ለማናችንም አልሆነልንም። እኔ ተከላካይ ነበርኩ። ሲመጡብኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እላለሁ፤ ሲያልፉኝም ዳር የቆሙት ሽማግሌዎች ያጨበጭባሉ።

ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን አንድ የቀድሞ የቡድን ጓደኛቸው ደወለላቸው። ኦሃዮ ውስጥ የአዳራሽ ኳስ የሚጫወት አነስተኛ የፕሮፌሽናል ክለብ ያሠለጥን ነበርና ልምድ ያለው አማካይ ለአንድ የውድድር ዘመን ይፈልጋል። ጋሼ ከሄዱ የቀለም ሥራቸውን መልቀቅ ነበረባቸው፤ አሠሪያቸው ቦታውን እንደማያቆይላቸው በግልጽ ነግሯቸዋል። ከጨዋታ በኋላ ወደ አሌክሳንድሪያ ስሸኛቸው መኪናው ውስጥ በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ።

«ዛሬ ስንት ኳስ ተነጠቅሁ?»

«ምንም።»

«ባለፈው እሑድስ?»

«ምንም።»

የወንዙን ድልድይ ስንሻገር ወደ እኔ ዞሩ። «በሃያ አምስት ዓመቴ፣ ጉልበቴ ሙሉ እያለ፣ በየጨዋታው እነጠቅ ነበር። ወይ ከዚያን ጊዜ በልጫለሁ፣ ወይ እናንተ እያዘናችሁልኝ ነው።»

«አናዝንልዎትም ጋሼ። እናከብርዎታለን።»

«አክብሮታችሁን ከሜዳ ውጭ አድርጉልኝ። ሥራዬን ልለቅ ነው፤ ለእግሬ ምን እንደቀረው ማወቅ አለብኝ።»

በሚቀጥለው እሑድ ሁላችንንም ሰበሰቡንና መንገድ የሚለቅላቸው ሰው ከሜዳ እንደሚወጣ አስታወቁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱንም የሚነጠቁትን ኳስ እንዲቆጥሩላቸው ለመኑ። ሽማግሌው ተቆጡ፤ «ኧረ ነውር ነው! ልጆቹን ምን ልታስተምርብን ነው?» አሉ። ስተረጉምላቸው ጋሼ ሳቁ፤ ልመናቸውን ግን አልተዉም፤ ሽማግሌውም እያጉረመረሙ እሺ አሉ።

መጀመሪያ የገባባቸው ባለ ታክሲው የክንፍ ተጫዋቻችን ነበር። «ይቅርታ ጋሼ!» ብሎ እግሩን ሲዘረጋ ኳሱን በእግሮቹ መካከል አሾለኩበት። በረኛችን ከጎሉ ሆኖ ጮኸ፦ «አንተ! መጀመሪያ ንጠቅ፤ ይቅርታውን ቤታቸው ሄደህ ትጠይቃለህ!»

ሜዳው ገና በሳቅ ላይ እያለ ወደ እኔ መጡ። ወደ ኋላ አላልኩም። ኳሱ እኔ ጋ ቀረ፤ ጋሼ ጭቃው ላይ በጎናቸው ወደቁ። ላነሣቸው ቆምኩ። ቀና ብለው በአማርኛ ጮኹብኝ፦

«ምን ቆመዋል? ይሩጡ እንጂ!»

አማርኛቸውን የተማሩት እኛ ለእሳቸው ከምንናገረው ነበርና እኔንም አንቱ አሉኝ። ሮጥኩ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልራራላቸውም። ከዕረፍት መልስ ትንፋሻቸው አጠረ፤ ቀኝ ጉልበታቸውን ደጋግመው ይይዙ ጀመር። ያም ሆኖ አንድ ጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተው የላኩት ኳስ ሦስት ሰው አቋርጦ አጥቂያችን እግር ላይ አረፈ፤ እሱም አገባው። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እንደ ልጅ እየጮኹ በሜዳው ዞሩ።

ጨዋታው ሲያልቅ ሽማግሌው ጋሼን ወደ ዳር ወስደው ቁጥሩን በጣታቸው አሳዩአቸው። ጋሼ ትከሻቸውን አቅፈው አመሰገኑ፤ ከዚያም ከነጭቃቸው ነዳጅ ማደያው ጋ ወዳለው የሕዝብ ስልክ ሄደው ለኦሃዮው ጓደኛቸው ደወሉ። በፖርቱጋልኛ ብዙ ተናገሩ፤ አንዴ ሳቁ፤ ለረጅም ጊዜም አዳመጡ። ሲመለሱ፣

«ኦሃዮ ቀርቷል» አሉን። «ነገ የምቀባው ቤት አለኝ። እሑድ ግን ወደ ኋላ የሚልብኝን ሰው እጣላዋለሁ።»

ያን ዕለት ጋሼ የተነጠቁት ኳስ፦ ከዕረፍት በፊት አራት፤ ከዕረፍት በኋላ አሥራ አንድ።