ለላሞቹ መዝገብ የሰጠሁት ቦታ

በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ወረታ ውስጥ በአንድ የእርሻ ፕሮጀክት ቢሮ እሠራ ነበር። ቢሮው አንድ ኮምፒውተር ነበረው። ከእሱ ጋር በሽቦ የተያያዙ ሦስት ስክሪኖች በሦስት ክፍል ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሩዝ ለሚሞክሩት ባለሙያዎች፣ አንዱ የላምና የጥጃ መዝገብ ለሚይዙት ሽማግሌ፣ ሦስተኛው ለእኔ። አዲስ አበባ አራት ወር ስለተማርኩ ማሽኑን የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። ማስተዳደር ማለት ያኔ ትእዛዙን ፊደል በፊደል መጻፍ ነው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ ብቻ፣ ሌላ ነገር የለም።

አንድ ክረምት ዲስኩ ሞላ። የምናስቀምጠው ሁላችንም አንድ ዲስክ ላይ ስለሆነ አንዱ ሲያበዛ ሌላው ቦታ ያጣል። ማን ምን ያህል እንደያዘ የሚያሳየውን ትእዛዝ ብጽፍ፣ ከግማሽ በላይ የያዙት ሽማግሌው ሆነው ተገኙ። ሥራ አስኪያጁ «ለእያንዳንዱ ኮታ መድቢለት፣ ከዚያ እንዳያልፍ» አለኝ።

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በፎገራ ከብት መካከል ያሳለፉ ሰው ናቸው። ነገሩን ሳስረዳቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኮታ? በገበሬው እህል ላይ የሚጣለው አነሰና ላሞቼም ላይ መጣ?»

«በላሞቹ ላይ አይደለም፣ ጋሼ። መዝገቡ በሚይዘው ቦታ ላይ ነው። አንዱን መዝገብ አሥራ አንድ ጊዜ ገልብጠው አስቀምጠውታል።»

«እንዲህ ያለ ዕቃ አላምንማ!»

አለማመናቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ባጥለቀለቀው ጊዜ፣ ውኃው በረቱ አጠገብ ወዳለችው ክፍል ገብቶ የወረቀት መዝገባቸውን አበስብሶታል። የተረፈውን እያነበቡ፣ የደበዘዘውን እረኞቹን እየጠየቁ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሁለት ጣት እየለቀሙ ማሽኑ ውስጥ አስገቡት። የትኛዋ ላም ከየትኛው ኮርማ እንደወለደች፣ ስንት እንደታለበች፣ ሁሉም እዚያ ነው።

ቢሆንም እሺ አሉኝ። አጠገባቸው ቆሜ ግልባጮቹን አንድ በአንድ አስጠፋኋቸው። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ፣ ለአንዱ መዝገብ በቅቶ የሚተርፍ ያልኩትን ኮታ መደብኩላቸው።

በማግስቱ ሊቀትር ሲል በግድግዳው በኩል ጠሩኝ። «ልጄ! ነይማ፣ ይኼ ነገር ምን ይላል?»

ስክሪናቸው ግርጌ «ከተፈቀደልህ ቦታ አልፈሃል» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ ወጥቷል። የጠዋቱን የወተት ልክ ጨምረው ሊያስቀምጡ ሲሉ ነው። ሮጬ ከእኔ ስክሪን ፋይሉን ባየው ግማሹ ላይ ተቆርጧል። ዳልቻ የምትባለዋ ላም ጋ ይደርስና ባዶ። ማሽኑ አዲሱን ለመጻፍ አሮጌውን አጥፍቶ፣ እኔ የከለልኩት ድንበር ላይ ሲደርስ ቆሟል።

ጥፋቴ ወዲያው ገባኝ፤ ማሽኑ ቦታ የሚለካበት ስፍር እኔ ካሰብኩት በግማሽ ያነሰ ነበር። የሰጠኋቸው ያሰብኩትን ግማሽ ነው። ግልባጭ የለ፣ ወረቀቱ በስብሷል። ሙሉው መዝገብ የቀረው ሽማግሌው ባልዘጉት ስክሪን ላይ ብቻ ነው፤ መብራት ከጠፋ እሱም ይጠፋል። ጄኔሬተሩ ደግሞ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይቆማል። ሰዓቴን አየሁ፤ ሩብ ጉዳይ።

ተመልሼ በራቸው ላይ «ጋሼ፣ እጅዎን ያንሱ! ምንም እንዳይነኩ፣ እንዳይዘጉት!» ብዬ ጮኽኩ።

ሽማግሌው እንደ ተማረከ ሰው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

ወደ ክፍሌ ገባሁና ትእዛዙን ጻፍኩ። ስማቸውን ሁለቴ ተሳሳትኩ፤ ማሽኑ እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም አለኝ። በሦስተኛው የኮታቸው ዝርዝር ተከፈተ። ቁጥሩን በሦስት አባዝቼ አስቀመጥኩና፣ መለወጡን ደግሜ አረጋግጬ ተጣራሁ።

«አሁን ያስቀምጡት!»

በግድግዳው በኩል ቁልፍ ሲጫኑ ሰማሁ። «አሁን ማሽኑ ምንም አላለኝም» አሉ።

ፋይሉን ከፈትኩት። ዳልቻን አለፈ፣ ቡሬን አለፈ፣ እስከ መጨረሻዋ ጊደር ድረስ ሞልቷል። በፍሎፒ ገልብጬ አወጣሁትና ወደ ክፍላቸው ሄጄ ፍሎፒውን እጃቸው ላይ አኖርኩት። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ። በስሌት ተሳስቼ ነው።»

«ላሞቹ አሉ?»

«ሁሉም አሉ።»

«አሉ ካልሽ በቃ፣ ምን ያስለቅስሻል?» አሉና ራሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ጄኔሬተሩ ሲቆም ሁለታችንም እዚያው ነበርን። ማንም አልደነገጠም። ስወጣ ዝናቡ አባርቷል። በደብረ ታቦር መገንጠያ ካለችው ሻይ ቤት ገብቼ፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች መካከል ተቀምጬ ሁለት ሳህን ፉል በላሁ። ባለቤቷ «ዛሬ ምን አገኘሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ምን ብዬ እንደማስረዳት ስላላወቅሁ፣ አብሬያት ሳቅሁ።