በዘሪሁን ስም የገባው ምሳ

ጌታ ይባረክ ቅዱሳን! አሜን በሉኝ እስቲ። ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ብዬ ነው እዚህ የቆምኩት። መጋቢያችን "አጠር አድርጊው" ብለውኛል፣ እሞክራለሁ። ግን አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ወጥተው የሚመሰክሩ ሰዎች ነገሩ ገብቷቸው ነው የሚናገሩት። እኔ እስከ ዛሬም በደንብ አልገባኝም። ያየሁትን እነግራችኋለሁ፣ የቀረውን ጌታ ያውቃል። ሃሌሉያ!

ስሜ ወይንሸት ነው። አስራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። የልጆቻችሁን ዩኒፎርም የምታሰፉ ሥራዬን ታውቃላችሁ፣ ምላሴንም ታውቁታላችሁ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። አንድ ወንድም አለኝ፣ ዘሪሁን ይባላል፣ ኤሌክትሪሻን ነው። አባታችን ቶሎ ስለሞተ፣ እናታችን ስትሠራ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ "እታለም" ነው የሚለኝ።

ዘሪሁን ከኔ ቀድሞ ጌታን ተቀበለ። እኔ ያን ጊዜ ሃይማኖተኛ ነበርኩ እንዳትሉ፣ እግዚአብሔር በዓል ሲመጣ ብቻ ነበር ትዝ የሚለኝ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነበር። እናታችን ሞተች። የአርባዋ ዕለት ድንኳኑ በሰው ሞልቶ፣ በእጄ የሠራሁትን በሳህን አድርጌ ለዘሪሁን አቀረብኩለት። "እታለም፣ ይሄ ከእምነቴ ጋር አይሄድልኝም፣ አልበላም። ሌላ ሥራ እዘዢኝ፣ ውሃ ልቅዳ፣ ሳህን ልጠብ" አለኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቱን ናቀ። ልብሱን በፌስታል ጠቅጥቄ በር ላይ ጣልኩለት። "ከዛሬ ጀምሮ እህት የለህም" አልኩት። አየር ጤና ሰፈር ቤት ተከራይቶ ገባ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። ይደውላል፣ አላነሳም። በበዓል ሰው ይልካል፣ እመልሳለሁ። እንዲህ ነበርኩ ወገኖቼ።

አንድ ቀን አብሮት የሚሠራ ሰው ሱቄ መጣ። "ዘሪሁን ታስሯል" አለኝ። የሚሠሩበት ሕንፃ ላይ የመዳብ ሽቦ ጠፋ ተብሎ፣ ያን ቀን እዚያ የነበረ ሠራተኛ በሙሉ ተይዟል። "የት ነው ያለው?" አልኩት። "የተለያየ ጣቢያ ነው የወሰዷቸው፣ እሱ የት እንደገባ አላወቅንም" አለኝ። ታዲያ እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "ጌታው ያስፈታው!" ብዬ ስፌቴን ቀጠልኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ! ያን ቀን ሙሉ ዩኒፎርም ስሰፋ ዋልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ዘይነባ ሰማች። ዘይነባ ጎረቤቴ ናት፣ ግድግዳ እንጋራለን። እሷ አልሐምዱሊላህ እኔ ተመስገን እያልን ስንት ዓመት አብረን የኖርን ነን። "አንቺ ሴትዮ አእምሮ የለሽም እንዴ? ሰው ታስሮ ኩርፊያ አለ? ተነሺ!" አለችኝ። የሷ ወንድም አንዴ ታስሮ ስለነበር ሥርዓቱን ታውቃለች። ምግብ ሠራሁ። ምሳ ዕቃው ክዳን ላይ ፕላስተር ለጥፋ "ዘሪሁን" ብላ የጻፈችበት እሷ ናት።

መጀመሪያ የሄድንበት ጣቢያ "እንዲህ የሚባል ሰው የለም" አሉን። ሁለተኛው ጣቢያ በር ላይ አንዲት ወጣት ፖሊስ ነበረች። "እትዬ፣ መዝገቡ ቢሮ ተቆልፎበታል፣ ኃላፊው ወጥቷል" አለችኝ። "እና እንዴት ልወቅ?" አልኳት። "ምግቡን ይስጡኝ፣ ውስጥ ስሙ ይጠራል። ከተቀበለ አለ ማለት ነው። ከሌለ ይመለስልዎታል።" "ላየውስ አልችልም?" "ምርመራ ላይ ያለ ሰው አይጠየቅም። ወረቀትም አይገባም አይወጣም። ምግብ ብቻ ነው። በሉ ይቅመሱት።" ከወጡም ከእንጀራውም ቀመስኩላት፣ ወሰደችው።

ከዘይነባ ጋር አጥሩ ስር ቆመን ጠበቅን። ምሳ ዕቃው ባዶውን ተመለሰ።

ቅዱሳን፣ ያኔ የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ! ተገኘ ማለት ነው! ደግሞ በልቷል! ያ በእናቱ አርባ እጄን የመለሰ ልጅ፣ ዛሬ የእጄን በላ! ዘይነባ ትከሻ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። "ይቅር ብሎኛል" አልኳት። እልል በሉልኝ! እሺ፣ ተዉት፣ እልልታውን ቆዩት፣ ገና ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ተመላለስኩ። ሱቄን ቆልፌ፣ ምሳ ዕቃዬን አንጠልጥዬ፣ ታክሲ ተሰልፌ። በየቀኑ ባዶው ይመለሳል። "ምን አለሽ?" እላታለሁ ፖሊሷን። "እኔ በሩ ላይ ነኝ እትዬ፣ ግን ምንም መልእክት የለም" ትለኛለች። ግራ ገባኝ። ሰው ይቅር ካለ ቢያንስ "ደህና ናት ወይ" ብሎ አይልክም? ካላለ ደግሞ ለምን ይበላል? ቤት ስገባ ይሄንኑ አብሰለስላለሁ። አንድ ቀን ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ቀይ ሥር አደረግኩለት። ዘሪሁን ደግሞ ቀይ ሥር ከልጅነቱ ጀምሮ ፊቱ አይቀርብም፣ ሽታው ራሱ ያስታውከዋል። ምሳ ዕቃው ተጠርጎ መጣ! "ዘይነባ፣ ጴንጤ መሆን ቀይ ሥርም ያስበላል ማለት ነው?" አልኳት። እሷም "እኔ ምን አውቃለሁ፣ የናንተን ነገር" አለችኝ።

በስምንተኛው ቀን "ዛሬ ጥየቃ ተፈቅዷል፣ ይግቡ" ተባልኩ። የምናገረውን በየሌሊቱ ሳጠና ነው የከረምኩት። በሽቦ አጥር ፊት ቆምኩ። ከውስጥ አንድ ድምፅ "ዘሪሁን!" ብሎ ተጣራ። "አቤት" የሚል ሰው መጣ።

ወንድሜ አይደለም።

ረጅም፣ ከሲታ ሰውዬ። የማላውቀው ሰው። ግን የለበሰው ጃኬት የዘሪሁን ነው። እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ የገዛ ስፌቴን እንዴት ላጣው? ፊቱን አያለሁ፣ ጃኬቱን አያለሁ። ዓይኔ ነው ወይስ አእምሮዬ ነው የተበላሸው አልኩ። "ወንድሜን ምን አደረግከው?" ብዬ ጮህኩ። ጠያቂው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፣ ዘሪሁን ደህና ነው" አለኝ። "አበራ እባላለሁ። ዘሪሁን ሦስት ቀን አብሮኝ ነበር። እርስዎ መጀመሪያ ከመጡበት ቀን በፊት ባለው ከሰዓት ወደ ሌላ ጣቢያ አዛወሩት። ብርድ ያንቀጠቅጠኝ ስለነበር ጃኬቱን አውልቆ ሰጠኝ።"

"ታዲያ የሱን ምግብ አንተ ነህ ስትበላ የከረምከው?"

"እኔ ነኝ እትዬ። ለቀን ሥራ ከገጠር መጥቼ ነው የተያዝኩት፣ እዚህ አገር ዘመድ የለኝም። ግን እሱ ራሱ ነው ብላ ያለኝ። 'እህቴ ትመጣለች' አለኝ። 'ስሜ ሲጠራ አቤት በልና ተቀበል። ምግቡ ከተመለሰባት አሁንም እጄን መለሰው ብላ ትቀራለች፣ እኔ እህቴን አውቃታለሁ። ከበላህላት ግን ትመላለሳለች። ጥየቃ ሲፈቀድ አሁን የሚወስዱኝን ጣቢያ ንገራት' አለኝ።"

"ለፖሊሶቹ አትናገርም ነበር?" አልኩት።

አንገቱን ደፋ። "ቢያውቁ ምግቡ ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ። አልዋሽዎትም" አለኝ።

ቅዱሳን፣ እኔ ያን ሰውዬ ላንቀው ነበር የፈለግኩት፣ ሽቦው ባይኖር! ከአፉ ወንድሜ ያለበትን ቦታ ተቀብዬ አመሰግናለሁ እንኳ ሳልል ወጣሁ። በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ዘጭ አልኩ። ይቅር አለኝ ብዬ ስምንት ቀን የተደሰትኩት በባዶ ሜዳ ነው። ያ ሁሉ ደስታ የማን ነበር? ያለቀስኩት ለማን ነው? ደግሞ በሌላ በኩል፣ ዘሪሁን ትመጣለች ብሏል። ሁለት ዓመት ስልኩን ያላነሳሁለት ልጅ ትመጣለች ብሎ እርግጠኛ ሆኖ ተናግሯል! እኔ እንደምመጣ እኔ ራሴ እንኳ አላውቅም ነበር። ይሄኔ፣ ጸሎት የማላውቅ ሴትዮ፣ በሰው ፊት ድምፄን አውጥቼ "ጌታ ሆይ፣ ግራ ገባኝ" አልኩ። በቃ፣ ይቺው ናት ጸሎቴ። ዘይነባ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ይዛኝ ነበር። ክብር ለስሙ ይሁን!

በማግስቱ የተባለው ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ ጠያቂና ታሳሪ በሁለት አጥር ተራርቆ ነው የሚነጋገረው፣ ሁሉም ይጮሃል፣ ማን ማንን እንደሚያናግር አይታወቅም። ዘሪሁን መጣ። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። "እታለም!" አለ። እኔ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። "የእማዬ አርባ ዕለት..." ብዬ ጀመርኩ። እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"አበራ ምሳ እየደረሰው ነው?"

ደሜ ፈላ! "እኔ አንተን ብዬ ስንከራተት አንተ ስለሱ ትጠይቀኛለህ?" ብዬ ጮህኩበት። ሳቀ። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። "አንተስ? ስምንት ቀን ማን አበላህ?" አልኩት።

"አንዲት እናት ለልጇ ምሳ ታመጣለች። ልጇ ስለኔ ስለነገራት በየቀኑ የሁለት ሰው አድርጋ ነው የምትልክልን። ስሟን እንኳ አላውቅም" አለኝ።

እዚያ ላይ ተሰበርኩ። እኔ ምግቤን ሰው በላብኝ ብዬ ስናደድ፣ የኔን ወንድም የማላውቃት ሴት ታበላው ነበር። ማን እንደሆነች ዞሬ ፈለግኩ፣ አጥሩ ላይ የተደረደሩት እናቶች ሁሉ አንድ መሰሉኝ። "ይቅር በለኝ ዘሪሁን!" ብዬ በዚያ ጫጫታ መሀል ጮህኩ። "አይሰማም!" አለኝ። እንደገና ጮህኩ። "ይቅር በለኝ ነው የምልህ!" አጠገቤ የቆሙት አንዲት ሴትዮ "ይቅር በል አንተ ልጅ፣ ጆሮአችንን አደነቆረችው" ብለው አገዙኝ። ዘሪሁን እያለቀሰ "እኔ እኮ አልተቀየምኩሽም" አለኝ። ሃሌሉያ! አሁን እልል በሉልኝ!

"እንደምመጣ በምን አወቅክ?" ብዬ ጠየቅኩት። "አላወቅኩም፣ ጸለይኩ እንጂ" አለኝ። "የምትለምነውን ጌታ እኔም እፈልገዋለሁ" አልኩት። በዚያ አጥር ላይ፣ እየተጯጯህን፣ እሱ እየመራኝ ጌታን ተቀበልኩ። ግማሹን ቃል አልሰማሁትም። ጌታ ግን ሰምቶኛል፣ ስሙ ይባረክ!

ዘሪሁን ከቀናት በኋላ ሽቦውን የወሰደው ሌላ ሰው መሆኑ ተረጋግጦ ተፈታ። ያውላችሁ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው እሱ ነው። መጋቢያችን "ታስሬ ወደ እኔ መጥታችኋል" የሚለውን የጌታን ቃል ከፍተው ሲያነቡልኝ "እኔ እኮ ጌታን ልጠይቅ አልሄድኩም፣ ዘሪሁንን ልጠይቅ ነው የሄድኩት፣ እሱንም አላገኘሁት" አልኳቸው። ሳቁብኝ። ሌላም ጠየቅኳቸው። በኩርፊያ ዩኒፎርም ስሰፋ በዋልኩበት ቀን ሄጄ ቢሆን ኖሮ ዘሪሁንን እዚያው አገኘው ነበር፤ አበራን ግን አላየውም ነበር። ጌታ ክፋቴን ተጠቀመበት ልበል? "እሱን ለጌታ ተዪው" አሉኝ። ትቼዋለሁ።

የአበራ ጉዳይ ገና አላለቀም። ጌታን ተቀበለ ወይ ትሉኛላችሁ፣ አልተቀበለም። "ሲጸልዩ የእናቴን ስም ይጥሩልኝ" ብሎኛል፣ እጠራለሁ። ዘሪሁን በተፈታ ማግስት ምሳ ይዤ አበራ ወዳለበት ጣቢያ ተመለስኩ። ክዳኑ ላይ አዲስ ፕላስተር አድርጌ "አበራ" ብዬ ጻፍኩበት። ያችው ወጣት ፖሊስ አየችና "ዘሪሁን አልነበር እንዴ የእርስዎ? ይሄኛው ደግሞ ምንዎ ነው?" አለችኝ። ዘመዴ አይደለም። የአገሬ ልጅ አይደለም። በእምነትም አንገናኝም። ምን ልበላት? "አላውቅም የኔ ልጅ፣ ብቻ አስገቢልኝ" አልኳት።

ወገኖቼ፣ ጌታን አመሰግነዋለሁ። ወንድሜን መለሰልኝ፣ እኔንም ፈልጎ አገኘኝ። መሀላችሁ "ነገሩ ሲገባኝ እመጣለሁ" ብላችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ በኔ ይሁንባችሁ፣ ግራ እንደገባችሁ ኑ። እኔ ገብቶኝ አልመጣሁም። ተቀብሎኛል።