በውሰት የሄዱ ዕቃዎች

ዱባለ ቡታጅራ ገበያ ሲመጣ መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ከበርበሬ ነጋዴዋ ከመሰለች ጆንያዎችና ከልብስ ነጋዴው ከሰይዶ ሸራ መካከል። መኪናው ከኋላ ወደ ላይ የሚከፈት አሮጌ ቶዮታ ነው። በሩ ተከፍቶ ብቻውን መቆም ከተወ ስለቆየ በዱላ ይደግፈዋል። ከዚያ አዲስ አበባ ቤት ከሚለቁ ሰዎች የገዛውን ዕቃ ይደረድራል፤ ካውያ፣ ፔርሙዝ፣ እጀታው የተቃጠለ ብረት ድስት፣ የግድግዳ መስታወት፣ የሕፃን አልጋ። የሚሠራውን ይሠራል፣ የማይሠራውን አይሠራም ይላል። ካውያ የሚፈልግ ሰው ከመጣ ከፊት ለፊቱ ሱቅ ሶኬት ለምኖ፣ ብረቱ እስኪግል አብሮ ቆሞ ይጠብቃል። ከጥያ እስከ ቡታጅራ ሰው የሚያውቀው በዚህ ነበር።

አሁን ደግሞ በሚስቱም ያውቁታል።

ወርቅነሽ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች። መጀመሪያ የረሳችው ጨው ያስቀመጠችበትን ቦታ ነበር። ቀጥሎ የጎረቤቶቿን ስም ረሳች። አንድ ቀን ከሰል አቀጣጥላ ቡኢ ካለው ቤታቸው ወጣች፤ ከአስፋልቱ ዳር ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ አገኟት። ሐኪሙ ሕመሙ ወደ ኋላ እንደማይመለስ ለዱባለ ነገረው፤ ብቻዋን እንዳይተዋትም መከረው። ዱባለ ከዚያ ወዲህ ወደ ገበያ ይዟት ይመጣል።

ልጃቸው ረድኤት አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምትኖረው። እናቷን ልውሰዳት ባለች ቁጥር ዱባለ አንድ መልስ ብቻ ነበረው።

«እዚያ ማንን ታውቃለች? እዚህ ቢያንስ እኔን ታውቃለች።»

ረድኤት ሳትወድ ተስማማች። «የማታውቅህ ቀን ግን ትነግረኛለህ፣ አባዬ። አትደብቀኝም።»

«እነግርሻለሁ» አላት።

ረድኤት አመሻሹ ላይ ትደውላለች። ስለ ሌላው ሁሉ ከጠየቀች በኋላ «ዛሬስ?» ትላለች። እሱም «ዛሬም ታውቀኛለች» ይላታል። እውነቱን ነበር።

በገበያው ላይ ችግር የሆነው ሌላ ነገር ነው። ወርቅነሽ ከመኪናው ኋላ የተደረደረው ዕቃ ሁሉ የቤቷ ይመስላታል። አንድ ቀን አንዲት ሴት ድስት ገዝታ ስትሄድ ከመኪናው ወርዳ ተከተለቻት።

«ድስቴን ወዴት ነው የምትወስጂው?»

ሴትየዋ ደነገጠች። ዱባለ ሮጦ ደረሰና «ተውሳ ነው፣ ወርቄ። ድግስ አለባት። ትመልሰዋለች» አለ። ወርቅነሽም ወዲያው ፊቷ ተፈታ፤ ድግስ ላለበት ሰው ዕቃ ነፍጋ አታውቅም። «እንግዲያው ክዳኑንም ውሰጂ» አለቻት።

ከዚያ ቀን በኋላ ዘዴው ይኸው ሆነ። ደንበኞቹም ለመዱት። ከፍለው ሲያበቁ ወደ ፊት ወንበር ጎንበስ ብለው «እትዬ ወርቅነሽ፣ ተውሼያለሁ፤ ለበዓሉ እመልሳለሁ» ይላሉ። እሷም «በጤና ያድርስህ» ትላለች። የማይተዋወቁ ሰዎች ሳይቀሩ ከፊታቸው የነበረው ገዢ ሲል ሰምተው እንዲሁ ይላሉ።

«ጋሼ ዱባለ፣ ለውሰት ይህን ያህል ዋጋ የት አገር ነው የሚጠራው?» ይለዋል ሰይዶ ከሸራው ላይ።

«አንተ ሸሚዝህን በነፃ አውሰህ አሳየን።»

«እኔ ባውስ ወላሂ አይመለስም። የኔ ደንበኛ ያንተን ያህል ጨዋ አይደለም።»

መሰለች በርበሬዋን እያገላበጠች ትስቃለች። ወርቅነሽም ለምን እንደሚሳቅ ሳታውቅ አብራ ትስቃለች።

በሐምሌ አንድ የገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ሙቀት ነበር። ዱባለ የብረት አልጋ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ሲያወርድ ላብ አጠመቀው፤ ጃኬቱን አውልቆ ከዕቃዎቹ ጠርዝ ላይ ጣል አደረገው። ቡናማ ጃኬት ነው፤ አንዷ ቁልፍ ብቻ ጥቁር ናት። ቡናማው ቁልፍ የጠፋ ጊዜ ወርቅነሽ ከሌላ ልብስ ፈትታ የሰፋችለት ናት።

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ከዝዋይ በኩል ጠቆረ። ነጋዴው ሁሉ ሸራ መጎተት ጀመረ። ዱባለ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አስገባና ጃኬቱን ሊያነሳ ዘወር ሲል ወርቅነሽ ከመኪናው ወርዳ ጃኬቱን በደረቷ አቅፋ ቆማለች።

«ስጪኝ ወርቄ፣ ዝናብ መጣ።»

ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ የባለቤቴ ነው።»

ዱባለ የምትቀልድ መሰለው። ፊቷን አየ። ለማንኛውም መንገደኛ የምታሳየው ትሕትና ነበር ፊቷ ላይ።

«ወርቄ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«አዎ፣ ይሁን እንጂ አይሸጥም» አለችው። ጥቁሯን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ሸፈነቻት።

ዝናቡ ጣለ። መሰለች በርበሬዋን ለመሸፈን ስትሯሯጥ ቆም ብላ አየቻቸው።  ዱባለ ያለው አንድ ዘዴ ብቻ ነበር።

«እንግዲያው ልዋሰውና ነገ እመልሰዋለሁ» አላት።

ወርቅነሽ ራሷን ነቀነቀች። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። ድስቴን ወሰዱ፣ ፔርሙዜን ወሰዱ፣ የልጄን አልጋ ወሰዱ። አንድም የመለሰ ሰው የለም።»

ዱባለ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ እስኪጣበቅ ቆመ። ሰይዶ ከሸራው ሥር አንድ የዝናብ ካፖርት መዝዞ አመጣና ትከሻው ላይ ጣለለት። ዱባለ ዋጋውን ሊጠይቅ ሲል ሰይዶ «ተወው፣ ጋሼ» አለው። «ግባና ንዳ።»

ወርቅነሽ ወደ ፊት ወንበር የገባችው መሰለች እጇን ይዛ «ይህ መኪና ወደ ቡኢ ነው የሚሄደው፣ እቴ» ካለቻት በኋላ ነው። ጃኬቱን ጭኗ ላይ አጥፋ አስቀመጠች። መንገድ ላይ የመስቃን ማሳ ሁሉ ውኃ ቋጥሯል፤ ጋሪዎች ዳር ይዘው ቆመዋል።  የኬላን ከተማ ሲያልፉ ወርቅነሽ ተናገረች።

«ቡኢ ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብለው ቢያወርዱኝ። ባለቤቴ ይጠብቀኛል።»

«እሺ» አላት።

«ልጆች አሉዎት?»

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ።»

«የእኛም አንድ ናት» አለች፤ ከዚያ ስሟን ፈልጋ ሳታገኘው ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከደጃቸው ሲያቆም ዝናቡ አባርቷል። በሩን ከፈተላት፤ አልወረደችም።

«ባለቤቴ መጥቶ ይውሰደኝ። ከማላውቀው ሰው ጋር አልገባም።»

 ዱባለ ግቢውን ከፍቶ ገባ። የሰይዶን ካፖርት አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለ፤ መብራቱን አበራ፤ በጣቱ ጸጉሩን ወደ ኋላ አደረገ። በሸሚዙ ብቻ ሆኖ በበሩ ወጣ።

«መጣሽ፣ ወርቄ?» አላት ከደጁ።

ወርቅነሽ ቀና አለች። «አንተ፣ የት ነበርክ? በስብሰህ የለም እንዴ!» ራሷ ወርዳ መጣችና ጃኬቱን ትከሻው ላይ አለበሰችው። «አንድ ሰውዬ ሊወስድብህ ነበር። እምቢ አልኩት።»

«ደግ አደረግሽ።»

«በል ሹፌሩን ሒሳቡን ክፈለው። ጥሩ ሰው ነው። መንገድ ላይ አላስቸገረኝም።»

ወደ ቤት ገባች። ዱባለ ወደ መኪናው ተመለሰ። የፊት በሩ እንደተከፈተ ነው፤ ወንበሩ ወርቅነሽ በተቀመጠችበት በኩል ረጥቧል። ሰው ሒሳብ ከፍሎ ለመመለስ የሚፈጅበትን ያህል እዚያው ቆመ። ወርቅነሽ በመስኮት ታየው ስለነበር ባዶውን ወንበር በእጁ ተሰናበተው።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ረድኤት ናት። ዛሬ ስለ ሌላው ነገር አልጠየቀችም።

«አባዬ፣ ዛሬስ?»

ወደ መስኮቱ አየ። ወርቅነሽ ቶሎ እንዲገባ በእጇ ትጠራዋለች።

«ትንሽ ቆይተሽ ደውዪ» አላት። «ሹፌሩን እየሸኘሁ ነው።»

«የምን ሹፌር፣ አባዬ?»

ዱባለ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ የመኪናውን በር ዘጋ።